ብዙ ለሄደ ኮሮላ የካንዴላ አቀያየር፣ ከነምክንያቱ

«ካንዴላ ራሴ መቀየር እችላለሁ?»፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚቀየረው?»፣ «ቀይሬው ለምን ባሰበት?» ስለ ካንዴላ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ ስለሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። አዎ፣ ትችላላችሁ። ተረጋግታችሁ ብትሠሩ እንኳ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ካንዴላ ሲበላሽ በሌላ ይተካል፣ ካንዴላው የሚገባበት የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ ከተበላ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ከታች ያለው ማስጠንቀቂያ ስለ ጽዳትና ስለ ማጥበቅ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ምሳሌ የምናደርገው 1.8 ሊትሩን የ2000ዎቹ ኮሮላ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ 1ዜድዜድ ሞተር ያለውን ነው። 1.6 እና 1.4 የሆኑት 3ዜድዜድና 4ዜድዜድ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቪትዝም ሆነ ያሪስ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የካንዴላው ቁጥር፣ የቡሶላው (የመፍቻው ራስ) ስፋትና የማጥበቂያው ልክ ግን ይለያያል። እነዚህን ከመኪናው መጽሐፍ አረጋግጡ።

መቼ ይቀየራል?

ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ30,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው ዕድሜው። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የተሠራው ኢሪዲየም 100,000 አካባቢ ይደርሳል። ሁሉም ኢሪዲየም ግን 100,000 አይሄድም፤ የመሐል ጫፉ ብቻ ኢሪዲየም ሆኖ የጎኑ ክንድ ተራ ኒኬል ከሆነ ክንዱ ቀድሞ ያልቃል። መኪናውን ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁትና ታሪኩን ካላወቃችሁ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፣ አውጥታችሁ እዩት።

ያረጀ ካንዴላ ጠዋት ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ረዘም ብሎ እንዲዞር ያደርጋል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) መኪናውን ያንቀጠቅጣል፣ ዳገት ላይ ይቆራርጣል፣ ቤንዚን ያስበላል። ምክንያቱ በመሐል ጫፉና በጎኑ ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ነው። 1.1 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ብረቱ በብልጭታ እየተበላ ይሰፋል፣ የሰፋውን ለመዝለል ቦቢናው (በየካንዴላው ላይ ተቀምጦ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) ከፍ ያለ ቮልቴጅ ማመንጨት አለበት፣ እንዲህ እየተገደደ የከረመ ቦቢና ደግሞ ይቃጠላል። ካንዴላውን በጊዜው አለመቀየር ቆይቶ አራት ቦቢና የሚያስገዛው በዚህ መንገድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 4 አንድ ዓይነት ካንዴላ። ለ1ዜድዜድ ተራው ዴንሶ ኬ16አር-ዩ11 ወይም ኤንጂኬ ቢኬአር5ኢዋይኤ-11፣ ኢሪዲየሙ ዴንሶ ኤስኬ16አር11 ወይም ኤንጂኬ አይኤፍአር5ኤ11
- ባለ 16 የካንዴላ ቡሶላ፣ ውስጡ ካንዴላውን የሚይዝ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው
- 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማስረዘሚያ፣ ወይም ተቀጣጥለው እዚያ የሚደርሱ ሁለት አጫጭር
- ባለ 10 ቡሶላ ለቦቢናው ብሎን
- ቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳየው (ከሌለ መላ አለው፣ ደረጃ 8 ላይ አለ)
- የክፍተት መለኪያ፣ በተለይ የሽቦው ዓይነት
- የእጅ ወይም የእግር ጎማ መንፊያና የዓይን መከላከያ መነጽር
- 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የቤንዚን ጎማ ቱቦ፣ የካንዴላውን ጫፍ ጨብጦ የሚይዝ
- ንጹሕ ጨርቅ፣ ደብሊውዲ-40፣ ማርከር

መልቲሜትር ካላችሁ ለግዢው ይጠቅማል።

ስትገዙ

በቁጥሩ ውስጥ ያለው 16 ወይም 5 የሙቀት ደረጃው ነው። በዴንሶም በኤንጂኬም ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው «ቀዝቃዛ» ይሆናል፤ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያስተላልፋል። ባለ 16 የለም ብሎ ባለ 20 የሚሰጣችሁ ነጋዴ አይጠፋም። ይገባል፣ ይሠራልም። ግን ትራፊክ ውስጥ ለሚውል መኪና ጫፉ ጥላሸቱን የሚያቃጥልበት ሙቀት ላይ፣ ማለትም 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ስለማይደርስ ቶሎ ይጠቁራል። መጨረሻ ያለው 11 ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

ገበያው በአስመሳይ የተሞላ ስለሆነ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን አስከፍቱ። ካርቶኑ ብዙም አይነግራችሁም፣ እሱን መኮረጅ ቀላል ነው፤ ካንዴላውን ተመልከቱ። የመሐል ጫፉ በትክክል ከጎኑ ክንድ መሐል ላይ መዋል አለበት። የኢሪዲየም ጫፍ ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መርፌ መሳይ ነው፤ «ኢሪዲየም» ተብሎ ጫፉ ወፍራም ከሆነ ተዉት። ቀለበቱ (ዋሸሩ) ጥርሱ ላይ በነፃነት ይሽከረከራል እንጂ ስትገለብጡት ወድቆ አይወጣም። በመልቲሜትር ከላይኛው ጫፍ እስከ መሐል ጫፉ ስትለኩ 5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በጥቅሉ ከ3 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ማግኘት አለባችሁ። ዜሮ ከሆነ ውስጡ ሬዚስተር የለውም፤ ሬዲዮ ላይ ጩኸት ያመጣል፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም ሊረብሽ ይችላል። አራቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ስታዩ ጽሑፋቸው ወይም የሸክላው ቀለም ከተለያየ አትውሰዱ።

አሠራሩ

1. ሞተሩን አቀዝቅዙ። ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ሌሊቱን ያደረ ደግሞ ይመረጣል። ትኩስ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ በዚያ ላይ የካንዴላው ብረት በሌላ መጠን ስለሚሰፋ ሲወጣ የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቁልፉን አውጡና የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ቁልፉ ክፍት ከሆነ ቬንቲሌተሩ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል፣ ቦቢናውም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል። በአቅራቢያው ሲጋራ አይጨስም።

2. የፕላስቲክ ክዳኑን አንሱና ዙሪያውን አጽዱ። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የቦቢናዎቹን ዙሪያ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በመንፊያ ንፉ። መነጽሩን አድርጉ።

3. ሶኬቶቹን ንቀሉ። ምላሷን ጫን ብላችሁ የፕላስቲኩን አካል ሳቡ እንጂ ገመዱን አትሳቡ። ለዓመታት በሙቀት የተጠበሰ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ምላሷ ከተሰበረች ሶኬቱ መንገድ ላይ በንዝረት ይላቀቃል። ቀዝቀዝ ያለ ሞተር ላይም እንቢ ካለ በካቻቢቴ ከመፈልቀቅ ትንሽ ደብሊውዲ-40 ረጭታችሁ ጠብቁት።

4. ቦቢናዎቹን አውጡ። ባለ 10 ብሎኑን ፈትታችሁ ቦቢናውን ግራና ቀኝ ትንሽ አዙሩ፣ ጎማው ከካንዴላው ሲላቀቅ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ማርከሩን አንሱና ከ1 እስከ 4 ጻፉባቸው። ቁጥር 1 በቺንጊያው በኩል ያለው ነው። ይህን ማድረጋችሁ በኋላ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ለመለየት ይጠቅማል።

የቦቢናው ጎማ ጫፍ ዘይት ነክቶት ካገኛችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት አለ ማለት ነው። ከላይ የካንዴላውን ጉድጓድ የሚዘጋው የኮፐርኪዮው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አርጅቷል። ካንዴላውን ከመንቀላችሁ በፊት ጨርቅ ረጅም ካቻቢቴ ላይ ጠምጥማችሁ ዘይቱን አድርቁ፤ አለበለዚያ ካንዴላው ሲወጣ ዘይቱ ተንዶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ጓርኒሲዮኑን ሳትቀይሩ አዲስ ካንዴላ ብታስገቡ ዘይቱ የቦቢናውን ጎማ አሳብጦ እስኪቀድደው መፍሰሱን ይቀጥላል።

5. አንድ ዙር ፍቱና እንደገና ንፉ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በጉድጓዱ ግርጌ በካንዴላው ዙሪያ የተከማቸው አቧራና አሸዋ በመጀመሪያው ንፊያ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ካንዴላውን አንድ ዙር ብቻ ስትፈቱት ከሥሩ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ጥርሱ ግን ገና ቀዳዳውን ዘግቶ ይዟል። አሁን ደህና አድርጋችሁ ንፉ። ወደ ሲሊንደር የገባ አሸዋ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መሐል ሆኖ ይፍቃል።

6. አውጡት። ቡሶላው ቀጥ ብሎ መቀመጡን አረጋግጡ፤ ያዘነበለ ቡሶላ ሸክላውን ይሰብራል። ካንዴላው ሩብ ዙር ሄዶ ከያዘ በጉልበት አትሂዱበት። ወደ መጣበት መልሱት፣ ሥሩ ላይ ደብሊውዲ-40 ጠብ አድርጉ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያደረጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ አውጡት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ካንዴላ የሚወጣው በትዕግሥት ነው፤ የቁልፉን እጀታ በቧንቧ ማስረዘም ካንዴላውን ወገቡ ላይ የሚበጥስ ዘዴ ነው።

አራቱንም እንደ ቁጥራቸው ደርድሩ። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) መለካት ካሰባችሁ ጊዜው አሁን ነው፤ መጀመሪያ የኢንጀክተሮቹን (የቤንዚን መርጫዎቹን) ሶኬት ንቀሉ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ንባቡ መጽሐፉ ላይ ካለው በሩብ ያህል ዝቅ ቢል ሞተሩ ሞተ አትበሉ። ወሳኙ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ቶዮታ የሚፈቅደው እስከ 1 ባር ብቻ ነው።

7. አሮጌዎቹን አንብቡ። ብዙ በሄደ መኪና ላይ ከቅያሪው እኩል የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ቶሎ አትጣሉ።

ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፣ ካንዴላው በዕድሜ ነው ያለቀው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፤ የአየር ማጣሪያውንና የኦክስጅን ሴንሰሩን እዩ። ጥቁር ሆኖ ወዝ ያለው፣ ስትነኩት ጣት ላይ የሚያዳልጥ ከሆነ ዘይት ነው። ከ2002 በፊት የተሠሩት 1ዜድዜድ ሞተሮች በፒስተናቸው ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ አራቱም እንዲህ ከሆኑ አዲስ ካንዴላ የሚያስታግሰው ለጊዜው ነው፣ የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ ተከታተሉ። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ወይም ጫፉ የቀለጠ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል፦ ላልቶ ነበር፣ ወይም ቤንዚኑ አንሷል፣ ወይም የሙቀት ደረጃው ስህተት ነው። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ እርጥብና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ የዚያን ሲሊንደር ቦቢና ጠርጥሩ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በነጩ ሸክላ ላይ፣ ከባለ ስድስት ጎኑ ብረት ጥግ የሚነሳ ቡናማ ቀለበት ታያላችሁ። ብዙ መካኒክ «ኮምፕረሽን አፍስሷል» ይላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ቮልቴጅ በአየር ላይ ያሉ የዘይት ቅንጣቶችን ሸክላው ላይ ስቦ ያጣበቃቸው ነው፤ ጉዳት የለውም። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር ግን ሌላ ነው፤ ብልጭታው በሸክላው ውጪ አቋርጦ ሲያመልጥ የተወው ዱካ ስለሆነ የቦቢናውንም ጎማ ውስጡን እዩ፣ ተመሳሳይ መስመር ካለበት ጎማው ይቀየር።

8. አዲሱን ለኩ፣ በእጅ አስገቡ፣ አጥብቁ። ካርቶን ላይ ክፍተቱ ተስተካክሏል ቢባልም በጉዞ ሊጋጭ ይችላል፤ 1.1 ሚሊ ሜትሩ ሽቦ ለስለስ ብሎ ማለፍ አለበት። ኒኬል ከሆነና ከጠበበ ወይም ከሰፋ የጎኑን ክንድ ብቻ በጥቂቱ አስተካክሉ። ኢሪዲየም ላይ ስስ ጫፉን በምንም አትደግፉ፣ ይሰበራል፤ ልኩ የሳተ ኢሪዲየም ወደ ሻጩ ቢመለስ ይሻላል። እጃችሁ ላይ ወድቆ ሲሚንቶ የመታ ካንዴላም አይግባ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሸክላው ውስጥ ይኖራል፣ ሞተሩ ሲግል ይቆራርጣል።

የጎማ ቱቦውን የካንዴላው ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ወደ ጉድጓዱ አውርዱት። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ እንደምትፈቱት ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ጥርሱ ከጥርሱ ሲገናኝ ጠብ የሚል ስሜት ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ቀኝ። ቱቦው እዚህ የሚጠቅመው ጉልበት ስለሌለው ነው፦ ካንዴላው ተጣሞ ከገባ ቱቦው ራሱ ይሽከረከራል እንጂ ጥርሱን አይበላም። ብረት ቁልፍ ይህን አይነግራችሁም። እስከ መጨረሻው በቱቦ መግባት አለበት፤ ከሁለት ዙር በኋላ ከከበደ አውጡና እንደ አዲስ ጀምሩ።

ቴስታታው ላይ ሲቀመጥ በቶርክ ቁልፍ 18 ኒውተን ሜትር። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ በእጅ እስከተቻለ ካጠበቃችሁ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር፤ ይህ ግማሽ ዙር አዲሱን ቀለበት የሚጨፈልቀው ነው። ቀድሞ ገብቶ የወጣ ካንዴላ ቀለበቱ ስለተጨፈለቀ ከእጅ በኋላ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ብቻ ይበቃዋል። ግማሽ ብታዞሩት ከልክ ያልፋል።

ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርስ ይበላል ወይም ሸክላው ይላላል። ከላላም አይበጅም፤ የካንዴላው ሙቀት የሚወጣው በአብዛኛው በጥርሱና በቀለበቱ በኩል ስለሆነ የላላ ካንዴላ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ተፈትቶ ይተኮሳል። ጥርሱ ላይ ግሪስ ወይም ዘይት አትቀቡ፤ ዛሬ የሚሸጡት በኒኬል የተለበጡ ስለሆኑ አይጣበቁም፣ ግሪሱ ግን ጥርሱን ስለሚያንሸራትተው ቁልፉ 18 ሲላችሁ እውነተኛው ከዚያ በላይ ይሆናል።

9. ቦቢናዎቹን መልሱ። በየቁጥራቸው፣ ቀጥ አድርጋችሁ እስኪቀመጡ ጫኑ። ብሎኑ 9 ኒውተን ሜትር ነው፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ ብዙም ሳይጫኑ። ሶኬቱ ቀጭ ሲል ካልሰማችሁ አልገባም።

10. አስነሱ። ባትሪውን አስሩና ሚኒሞ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ አዳምጡ። ባትሪው ስለተፈታ መጀመሪያ ላይ ሚኒሞው ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢል ኮምፒውተሩ እየተማረ ነው። አየር የሚያመልጥ ድምፅ ከሰማችሁ ግን አጥፉት፣ አንዱ ካንዴላ አልጠበቀም።

ቀይሬው ባሰበት

መጀመሪያ ሶኬቶቹን ዳስሱ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ አልገባም። እሱ ካልሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን የስህተት ኮድ አስነብቡ። ፒ0301 ቁጥር 1 ሲሊንደር ቤንዚኑን በትክክል አያቀጣጥልም ማለት ነው፣ ፒ0304 ደግሞ ቁጥር 4። ፒ0303 ከወጣ የ3ን ቦቢና ከ2 ጋር አለዋውጡ፣ ኮዱን አጥፉና ንዱ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከሄደ ቦቢናው ነው ጥፋተኛ። እዚያው 3 ላይ ከቀረ ካንዴላዎቹን አለዋውጡ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ ኢንጀክተር ወይም ኮምፕረሽን ነው። ቦቢና ሳይለዋወጥ «አራቱንም ግዛ» የሚል ምክር አትቀበሉ።

የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መንዳት አቁሙ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጽጃውን) ያቃጥለዋል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- አንዱን ብቻ ቀይሮ ሦስቱን መተው። ሦስቱም እኩል ነው የሄዱት፤ ሞተሩ ሚዛኑን አያገኝም።
- አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ፍቆ መመለስ። ብሩሹ ሸክላው ላይ የብረት ዱካ ይተዋል፣ ብልጭታው በዚያ ያመልጣል። የተበላ ጫፍም በማጽዳት አይመለስም።
- ካንዴላውን ወደ ጉድጓዱ መልቀቅ። ክንዱ ታጥፎ ክፍተቱ ይዘጋል።
- ጥርሱ ሲበላ «ትንሽ ይዟል» ብሎ መንዳት። ጥርስ ከተበላ ቶርኖ ቤት አዲስ የብረት ጥርስ ማስገባት አለ፤ ቁርጥራጩ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ ቴስታታው ቢወርድ ይመረጣል።

መኪናው ካቦ ያለው ከሆነ

ዲኤክስና ከ2000 በፊት የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች በየካንዴላው ቦቢና የላቸውም፤ ያሏቸው ከዲስትሪቢዩተሩ (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው) የሚመጡ ካቦዎች፣ ማለትም ወፋፍራም ገመዶች ናቸው። እነዚህ ላይ አንዱን ነቅላችሁ፣ ቀይራችሁ፣ መልሳችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ። አራቱንም ባንዴ ከነቀላችሁ ሲሊንደሮቹ የሚያቀጣጥሉበት ተራ 1-3-4-2 መሆኑን አስታውሱ፤ ሁለት ካቦ ቢለዋወጥ መኪናው በካርቡራተሩ በኩል ይተኩሳል። ካቦውን ስትነቅሉ ጎማውን ጨብጡ፣ ገመዱን ከሳባችሁ ውስጡ ይበጠሳል።

ካርቡራተር ያላቸው ደግሞ ደጋ ላይ ካንዴላቸው ቶሎ ይጠቁራል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የቤንዚኑን መጠን ራሱ አይቀንስም፤ ኢንጀክሽን ያለው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቁር ካገኛችሁ ሞቃት ካንዴላ ከመፈለጋችሁ በፊት ካርቡራተሩን አስተካክሉ። ካቦዎቹንም ነቅላችሁ በመልቲሜትር ለኩ፣ ከ25 ኪሎ ኦም ያለፈው ይቀየር።